እትዬ ሃሎ እና ወንድሟ የጣለባት ጥንቸሎች

በሠፈሩ ስሟ እትዬ ሃሎ ነው። ስሙን ያተረፈችው ከሥራዋ ነበር። የአንድ ትልቅ ሆስፒታል የስልክ ማዞሪያ ሠራተኛ ሆና፣ በወጣትነቷ ገብታ ፀጉሯ ሸብቶ እስክትወጣ ድረስ «ሃሎ» ስትል ኖረች። ጡረታ ወጥታም ልማዱ አልለቀቃትም። የግቢዋ በር ሲንኳኳ «ማነው?» ብላ አታውቅም፤ «ሃሎ!» ነው የምትለው፣ ያውም እንደ ሰላምታ ሳይሆን እንደ ቁጣ። አንኳኪው የመጣበትን ጉዳይ ገና ሳይናገር ያጠፋ ሰው ሆኖ ይቆማል።

ሰው ትንቃለች። ይህንንም ደብቃው አታውቅም። የስልክ ማዞሪያው ክፍል ከደረጃ ሥር ያለ፣ መስኮት የሌለው፣ አንድ ወንበርና አንድ ማራገቢያ ብቻ የሚይዝ ጉሮኖ ነበር። እዚያ ተቀምጣ፣ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ ደፍታ፣ የሆስፒታሉን ሰው ሁሉ ከነገመናው ሰማችው። ዳይሬክተሩ ከሌላ ሴት ቤት ደውሎ «ከቢሮ የተደወለ አስመስለሽ ከባለቤቴ ጋር አገናኚኝ» ሲል የሚያዛት እሷን ነበር። ማትሮኗ ቀኑን ሙሉ በነርሶች ላይ ስትጮህ ውላ፣ ወደ ማታ ለእናቷ ደውላ እንደ ሕፃን ትነፋረቃለች። ካሸሯ ለአንዷ እህቷ ሌላዋን እህቷን ታማለች፤ ወዲያው ደግሞ ለታማችዋ ደውላ የፊተኛዋን ታማለች። የበሩ ዘበኛ ለዘመዶቹ «እኔ እዚህ አስተዳዳሪ ነኝ» ይላል። ሁሉንም ሰማች። «ሰውን ፊቱን እያየሽ ስታዳምጪው ያሳዝንሻል፤ ድምፁን ብቻ ስትሰሚው ግን ያስጠላሻል» ትላለች፣ ማንም ሳይጠይቃት።

ባል ሳታገባ የቀረችውም በዚሁ ምክንያት ነው። አንድ የላቦራቶሪ ሠራተኛ «እንጋባ» ብሏት፣ እሷም ልቧ ትንሽ ላላ ብሎ ነበር። በማግስቱ ሰውየው ለጓደኛው ሲደውል መስመሩ በእሷ በኩል አለፈ። «መልኳስ ይቅር፣ ግን ቤት አላት» አለ። መስመሩን ነቀለችው። ከዚያ ወዲህ ልቧ ለማንም ላላ ብሎ አያውቅም።

ቤት አላት፤ እውነቱን ነው። ከወላጆቿ የወረሰችው ሁለት መኝታ ቤት፣ አንድ ሳሎን፣ ከፊት በረንዳ፣ ከኋላ በግንብ የታጠረ ጓሮና አንዲት ዕቃ ቤት። የሳሎኑ ሶፋዎች ከተገዙበት ቀን ጀምሮ የለበሱትን ፕላስቲክ አላወለቁም። ለእንግዳ ተብለው የተገዙ ናቸው፤ በእትዬ ሃሎ ግምት ግን እዚያ ላይ ለመቀመጥ የሚበቃ እንግዳ ገና አልተወለደም።

ከሰው ሁሉ አብልጣ የምትንቀው ታናሽ ወንድሟን ነው። ስሙን ትታ «ፕሮጀክት» ትለዋለች፤ ሥራ የሚለው ቃል ከአፉ ወጥቶ ስለማያውቅ። እሱ የሚጀምረው ነገር ሁሉ ፕሮጀክት ነው። ዶሮ አረባለሁ ብሎ ጫጩቶቹን ቆርቆሮ ሥር አጉሮ በአንድ ቀን ፀሐይ ፈጃቸው። እንጉዳይ አበቅላለሁ ብሎ የተከራየውን ክፍል ከነግድግዳው ሻጋታ አስበላው፤ እንጉዳይ የሚባል ነገር ግን ብቅ ሳይል ቀረ። መኪና አጥባለሁ ብሎ የመጀመሪያው ደንበኛ መኪናውን አሳጥቦ ሲሄድ የውሃውንም ጎማ ይዞበት ሄደ። ከያንዳንዱ ክስረት በኋላ ፕሮጀክት እየሳቀ ይመጣል። እትዬ ሃሎን የሚያንገበግባት ክስረቱ አይደለም፤ ሳቁ ነው።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ በሩ ተንኳኳ።

«ሃሎ!»

«እታለም፣ እኔ ነኝ። ክፈቺልኝ፣ እጄ ሙሉ ነው።»

«አንተ ባዶ እጅህን መጥተህ አታውቅም፤ ሁልጊዜ መዘዝ ይዘህ ነው» አለችና ከፈተችለት።

ከአንዲት አሮጌ ጭነት መኪና ላይ የሽቦ ሣጥን እያወረደ በረንዳዋ ላይ ይደረድር ጀመር። ስድስት ሣጥን፤ በያንዳንዱ ውስጥ አንድ ጥንቸል። ሁለቱ ወንዶች፣ አራቱ ሴቶች።

«ለአንድ ሳምንት ብቻ ነው፣ እታለም። ቦታ እስካዘጋጅ። ትልቅ ፕሮጀክት ነው! ጥንቸል እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ ዛሬ ስድስት ናት፣ ነገ ስድሳ።»

«አንተስ? ዛሬ አንድ ነህ፤ ነገ የት ነህ?»

ሳቀ። ድርቆሽ በጆንያ፣ ካሮት በፌስታል አስቀምጦላት፣ ጉንጯን ስሞ ሄደ። የሄደው ቦታ ሊያዘጋጅ ሳይሆን ሌላ ከተማ ግሮሰሪ ያላት አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ቤት ሊገባ መሆኑን የሰማችው ዘግይታ ነው። ብትደውል አያነሳም። የጥሪውን ርዝመት ሰምታ፣ አንድ ሰው ስልኩን ሳያይ እንደቀረ ወይስ አይቶ እንደተወው መለየት የምትችል ሴት ናት። ፕሮጀክት አይቶ ነው የሚተወው።

ጥንቸሎቹን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ናቀቻቸው። ምን ዓይነት ፍጥረት ነው? ወተት የለው፣ እንቁላል የለው፣ ሌባ ቢመጣ አይጮህ፣ ያበላውን ሰው አያውቅ፤ ሲያኝክ ውሎ ሲያኝክ ያድራል። ስም ማውጣት ግን አላስቸገራትም። ግራጫው፣ ሆዳሙ፣ ደረቱን ነፍቶ የሚቀመጠው ወንድ ዳይሬክተሩ ተባለ። ከአገጯ ሥር የስብ ሻርፕ ያንጠለጠለችው ነጭ ትልቅ ሴት ማትሮኗ፣ ዓይኗ የሚቅለበለበው ቡናማዋ ካሸሯ፣ ትንሹና ጥቁሩ ወንድ ዘበኛው። ሁለቱ አመዳም እህትማማቾች የራሳቸው ስም አላስፈለጋቸውም፤ ተላላኪዎቹ ተባሉ።

ስድስቱን ሣጥን በየማለዳው ማጽዳት ግን ወገቧን ፈተነው። እንደ ጭማቂ ብርቱካናማ የሆነ ሽንታቸው ሰጋቱራውን አልፎ የበረንዳዋን ሴራሚክ ያቀልማል። ትጠርጋለች፣ ታጥባለች፣ ትሳደባለች። አንድ ቀን መጥረጊያዋን ጣለችና «ለስድስት ደደብ ስድስት ቤት አላጥብም!» አለች። ጓሮው ሰፊ ነው፤ ዙሪያውን ግንብ ነው። ሣጥኖቹን አንድ በአንድ ጎትታ ወስዳ በሮቻቸውን ከፈተች። ከዚያ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆመች።

ለጥቂት ጊዜ ሰላም ሆነ። ሣር አሸተቱ፤ ጆሯቸውን አዟዟሩ። ዳይሬክተሩ ዘበኛውን አየው። ሁለቱ ዙሪያ ለዙሪያ ተሽከረከሩ፤ ከዚያ አንድ የጠጉር ኳስ ሆኑ። ግራጫና ጥቁር ጠጉር እንደ ተቀደደ ትራስ ጥጥ በአየር ላይ በነነ። ማትሮኗ በበኩሏ ካሸሯን ግንቡ ጥግ አስገብታ ጆሮዋን ነክሳ አልለቅም አለች። ተላላኪዎቹ፣ አብረው የተወለዱት ሳይቀሩ፣ በድንጋጤ እርስ በርስ ተናከሱ። እትዬ ሃሎ ውሃ ደፋችባቸው፤ ወይ ፍንክች። መጥረጊያ አስገባችባቸው፤ መጥረጊያውን ነከሱት። በባዶ እጇ ገብታ ዳይሬክተሩን ከዘበኛው ላይ ስትመነጭቀው ክንዷን ከላይ እስከ ታች ቦጨቀላት። ስድስቱንም መልሳ እስክትቆልፍ ድረስ ፀጉሯ ተበትኖ፣ ነጠላ ጫማዋ አንዱ ጠፍቶ ነበር።

ካሸሯ የቀኝ ጆሮዋ ጫፍ ለሁለት ተሰንጥቋል። ዘበኛው ከኋላ እግሮቹ መካከል ተቦጭቆ ይደማል። እትዬ ሃሎ በረንዳው ደረጃ ላይ ተቀምጣ አየቻቸው። ያሳረራት ደሙ ብቻ አልነበረም። ነገሩን ስታስበው፣ ሳያስቡ፣ ሳይጠይቁ፣ በር ከፍቶ «እግዜር ያውቃል» ብሎ መልቀቅ የማን ሥራ እንደሆነ ታወቃት። የፕሮጀክት ሥራ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ሰው ስትንቅ የኖረችው ሴት የዚያን ቀን ራሷን ናቀች፤ እንዳልለመዱት ጫማም ቆረቆራት።

ሁለቱን ቁስለኞች በልብስ ቅርጫት አድርጋ፣ ሻርፕ አልብሳ ወደ አንዲት የእንስሳት ሐኪም ወሰደቻቸው። ሐኪሟ ትከሻዋ የሰፋ፣ እጇ አዮዲን አዮዲን የሚል፣ በሁለት በሽተኛ መካከል ብስኩት የምትበላ ሴት ነበረች።

«ማነው አንድ ላይ የጨመራቸው?» አለች የካሸሯን ጆሮ እያየች።

«እኔ።»

«እንዴት አድርገው?»

«በር ከፍቼ ነዋ።»

«ስድስት የማይተዋወቁ ሰዎች አንድ ክፍል ውስጥ ቢቆለፍባቸው ምን ያደርጋሉ?»

«ይዋሻሻሉ» አለች እትዬ ሃሎ።

ሐኪሟ ብስኩቷን ማኘክ አቁማ ቀና ብላ አየቻት። «ጥንቸል መዋሸት አይችልም። ለዚህ ነው የሚቦጫጨቀው።»

ይህ ንግግር እትዬ ሃሎን ደስ አሰኛት፤ ደስ መሰኘቷን ግን ፊቷ ላይ ማንም አያገኘውም። ሐኪሟ ቁስሎቹን እየሰፋች ነገረቻት። ሁለቱም ወንዶች ይኮላሻሉ፤ ዛሬ ዘበኛው፣ ነገ ዳይሬክተሩ። ከተኮላሹም በኋላ ከወር በላይ ከሴት ጋር አይቀላቀሉም፤ ዘሩ በውስጣቸው ይቆያል፣ ንዴቱም ቶሎ አይበርድም። እስከዚያው ሣጥኖቹን ፊት ለፊት ማስቀመጥ፣ በመካከላቸው መነካከስ እንዳይችሉ ክፍተት መተው፣ የአንዱን ሰጋቱራ ለሌላው እየቀያየሩ ሽታ ማላመድ።

«ሴቶቹስ?»

«እነሱንም ማምከን ይቻላል፤ ጥንቸል ላይ ያን ቀዶ ጥገና እኔ ግን አልሠራም። ሳይመክኑ ስለሚቀሩ ትዕግሥት ይጠይቅዎታል። ሲያገናኟቸው ደግሞ ጓሮው ላይ እንዳይሆን። ደም አፍሰውበታል፣ ሸንተውበታል፤ ሁሉም የኔ ነው ይላል። አንዳቸውም ረግጠውት የማያውቁት ቦታ ቤትዎ ውስጥ አለ?»

«ሳሎን አለ» አለች።

«ሳሎንዎን ለጥንቸል ይሰጣሉ?»

«ለሰው ከምሰጠው ይሻላል።»

በማግስቱ ዳይሬክተሩም ተኮላሽቶ ጆሮውን ጥሎ ወደ ሣጥኑ ተመለሰ። እትዬ ሃሎ ሣጥኖቹን በረንዳው ላይ ግራና ቀኝ ደረደረቻቸው፤ በየማለዳው የማትሮኗን ሰጋቱራ ለካሸሯ፣ የዘበኛውን ለዳይሬክተሩ ታዞራለች። መጀመሪያ ሰሞን የሌላው ሽታ ሲመጣ እግራቸውን መሬት ላይ ይደልቃሉ፣ ሰጋቱራውን ይበትናሉ። ከዚያ መበተኑን ተዉት። ከዚያም ላዩ ላይ ይተኙ ጀመር። «ይኸው ለመዱት» አለች፣ ያሸነፈችው ክርክር ያለ ይመስል።

በዚህ መሀል አናጢ ጠርታ ጓሮው ውስጥ በረት አሠራች። ቆፍረው እንዳይወጡ ሽቦው አፈር ውስጥ ገብቶ እንዲቀበር አዘዘች። መደበቂያ ሣጥኖች አሠራች፤ እያንዳንዱ ሁለት ሁለት በር ያለው፣ አንዱ ሲያሳድድ ሌላው በወዲያኛው እንዲያመልጥ።

አናጢው ከት ብሎ ሳቀ። «እትዬ፣ ለጥንቸል ሁለት በር? እኔ ራሴ ያለኝ አንድ ነው እኮ!»

«ሁለት ቢኖርህ ኖሮ ሚስትህ በተቆጣች ቁጥር መውጫ አጥተህ ጥግ ይዘህ ባልተሰደብክ።»

አናጢው መጋዙን አንስቶ ሁለተኛውን በር ሠራ።

ጊዜው ሲደርስ የሳሎኑን ምንጣፍ ጠቀለለች፤ ወለሉ እንዳያንሸራትታቸው አሮጌ ብርድ ልብስ ዘረጋች። በእጇ ወፍራም የምድጃ ጓንት አጥልቃ፣ መጥረጊያ ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ ፕላስቲክ በለበሰው ሶፋ ላይ ተቀመጠች። ለመጀመሪያ ጊዜ መሆኑ ነው። ሶፋው ተንጫጫባት።

ያስጀመረችው ዳይሬክተሩንና ማትሮኗን ብቻ ነው። ገብተው በየጥጉ ጀርባ ለጀርባ ተቀመጡ፤ አንዱ ሌላውን እንዳላየ ፊቱን ይታጠባል። «ይሄን አውቀዋለሁ» አለች እትዬ ሃሎ፤ የሆስፒታሉ የሰኞ ስብሰባ ነው። ቀጥሎ ማትሮኗ ተነስታ ሄደችና ዳይሬክተሩ ላይ ተፈናጠጠች። ማን አለቃ እንደሆነ የሚነጋገሩበት መንገድ መሆኑን ሐኪሟ አስቀድማ ነግራታለች፤ «ካልተናከሱ አይግቡባቸው» ብላታለች። አልገባችም። ዳይሬክተሩ ሆዱን ምድር ላይ ለጥፎ ቻለው። በማግስቱ ግንባር ለግንባር ተፋጠጡ፤ ሁለቱም አንገታቸውን ደፍተው «አንተ ላሰኝ»፣ «አንቺ ላሺኝ» ዓይነት ግትርነት። ማንም ቀድሞ አልላሰም። እትዬ ሃሎ ሶፋው ላይ እንቅልፍ ሊወስዳት ሲል ዳይሬክተሩ አንገቱን ዘለግ አድርጎ የማትሮኗን ግንባር መላስ ጀመረ።

«እዚያም እንዲሁ ነበር!» ብላ ጮኸች ለብቻዋ። «እዚያም የምታስተዳድረው እሷ ነበረች! ሰው አላወቀም እንጂ!» ሳቋ አመለጣት፤ ጥንቸሎቹ በድንጋጤ ሶፋ ሥር ገቡ።

ቀጥሎ ካሸሯን ጨመረች። ማትሮኗ አሳደደቻት፣ ከጀርባዋ ጠጉር ነጨች፤ እትዬ ሃሎ ጓንቷን በመካከላቸው አስገብታ «ስነ ሥርዓት!» አለች። ለሳምንታት በየቀኑ፣ ትንሽ ትንሽ፣ ሳይሰለቻቹ፣ ሁሉም በደህናው ሳሉ ማቋረጥ። ከዚያ ተላላኪዎቹ ገቡ፤ ተጣልተው የነበሩት እህትማማቾች እዚያው ሳሎን ውስጥ ታርቀው ተደጋግፈው ተኙ። መጨረሻ ላይ ዘበኛው ገባ። ዳይሬክተሩ አየው። እትዬ ሃሎ ከሶፋው ብድግ አለች። ዳይሬክተሩ ጥቂት አባረረው፣ ዘበኛው ሸሸ፣ ዳይሬክተሩ ደከመውና ድርቆሹን መብላት ቀጠለ። ይኸው ነው። የሶፋው እግሮች እስከ እንጨታቸው ተግጠው ነበር፤ አንዴም አላዘነችላቸውም።

በረቱ ተጠርጎ፣ ታጥቦ፣ በአዲስ ድርቆሽ ተሞልቶ ስድስቱም አንድ ላይ ገቡ። ድርቆሹን በሦስት ጥግ፣ ውሃውን በየቦታው አስቀመጠች፤ አንዷ ባለጌ ብቻዋን ይዛ እንዳትከለክል። አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ወጥታ ስታይ ማትሮኗ በጎኗ ተዘርራለች፣ እግሮቿ ተዘርግተዋል፣ ዓይኗ ወደ ላይ ነው። «ሞተች!» ብላ ሮጠች። ማትሮኗ ጭንቅላቷን ቀና አድርጋ አየቻት፣ ተነሳች፣ ዞረች፣ ጀርባዋን ሰጥታት ተቀመጠች፣ የኋላ እግሯንም ወደ እሷ አራገፈች። ሌሎቹ እሷን ተጠግተው አንድ ክምር ሆነው ያንቀላፋሉ። ጥንቸል የናቀውን ሰው ጀርባውን እንደሚሰጥ እትዬ ሃሎ የዚያን ዕለት ተረዳች። ቆማ አሰበችበት። ስልክ ላይ «የኔ እመቤት» እያሉ በልብ ከመስደብ ይሻላል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ማትሮኗን ስታልፍ እሷም ጀርባዋን ትሰጣታለች።

ፕሮጀክት የመጣው እሷ ለዓይኗ ሕክምና ሄዳ በዋለችበት ቀን ነው። ስትመለስ ነገሩን ከሩቅ አወቀችው። በረቱ ውስጥ አራት ጥንቸሎች አንድ ጥግ ታፍገው፣ እግራቸውን ይደልቃሉ። ዘበኛው የለም። ከተላላኪዎቹም አንዷ የለችም። የበረቱ መቀርቀሪያ በግልብጥ ተዘግቷል፤ መቀርቀሪያ በግልብጥ የሚዘጋ ሰው በዚህ ዓለም አንድ ብቻ ነው።

ደወለች። አላነሳም። የሠፈሩ ባለሱቅ ዘንድ ሄዳ ስልኩን ተዋሰች፤ ጉሮሮዋን አጸዳች፤ ጡረታ ከወጣች ወዲህ አውጥታው የማታውቀውን የማዞሪያ ድምጿን አወጣች፣ ማር የመሰለውን።

«ሃሎ፣ እባክዎ መስመሩን ሳይዘጉ ይጠብቁ፤ ከውጭ አገር የሥራ ጥሪ አለዎት።»

«አቤት! አቤት! እየጠበቅሁ ነው!» አለ ፕሮጀክት እየተንተባተበ። «ፕሮጀክቱን በተመለከተ ነው?»

«አንተ ዓይንህን በጨው ያጠብክ! ጥንቸሎቼን የት አደረስካቸው?»

ፕሮጀክት ድምፁን ቀነስ አድርጎ፣ «እታለም… ናሙና ነው የወሰድኩት እኮ። ከሠፈርሽ በታች ያለው መናፈሻ አለ አይደል፣ ባለቤቱ አይቶ ከወደደው ብዙ ያዛል። ደግሞ የኔው ናቸው፤ እኔ ነኝ ያመጣኋቸው።»

«ማምጣትማ ጉንፋንም ታመጣለህ» ብላ ዘጋችበት። ባለሱቁ ሌላ ነገር የሚመዝን መስሎ ፊቱን አዞረ።

መናፈሻው አበባና ወንበር የተደረደረበት፣ ሰዎች ጭማቂ የሚጠጡበት ቦታ ነበር። ዘበኛው ከመግቢያው አጠገብ ለወፍ በተሠራ ባለጉልላት የሽቦ ጎጆ ውስጥ ታጉሮ፣ ልጆች የጭማቂ መምጠጫ እያስገቡ ጎኑን ይወጉታል። ውሃ የለውም። ባለቤቱ ፎጣ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ መጣ።

«ሴቷስ?» አለችው።

«ያቺማ፣ አንድ ደንበኛ ልጁ አለቀሰበትና ይዟት ሄደ። ጥንቸል አይደለች እንዴ? ምን ችግር አለው፣ ሌላ ይመጣል አሉኝ ወንድምዎ።»

«ደንበኛው ማነው?»

«ኧረ እኔ የት አውቄው።»

ከእግሩ እስከ ራሱ አየችው። የምትለው ብዙ ነበራት፤ ለእሱ ማባከን መሰላት። የጎጆውን በር ከፈተች፣ ዘበኛውን አወጣች፣ ሻርፗ ውስጥ ጠቀለለችው። ሰውየው «እሜቴ፣ እሱ እኮ…» ሲል እሷ በሩ ጋ ደርሳለች። ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ተመልሳ ሄዳ ስለ ሴቷ ጠይቃለች፤ እንዲህ ያለውን ሰው ደጅ በመጥናቷ ራሷን እየረገመች። ተላላኪዋ በዚያው ድራሿ ጠፋ።

ያን ዕለት ግን ድካሙና ንዴቱ አሳስቷት አንድ ስህተት ሠራች። ወዳጆቹ ናቸው፣ ያውቁታል ብላ ዘበኛውን በቀጥታ በረቱ ውስጥ አስቀመጠችው። ዘበኛው የሰው እጅ፣ የጭማቂ፣ የወፍ ጎጆ ሽታ ይሸታል። ቀድማ የደረሰችበት የቀረችው ተላላኪ ናት፣ ትናንት ጎኑን ተጠግታ የተኛችው። ዘላ አንገቱን ያዘች። ዳይሬክተሩና ማትሮኗ ተከተሉ። ባለሁለት በር ሣጥኖቹ ውስጥ እየገባ እየወጣ አመለጣቸው እንጂ ያበቃለት ነበር። እትዬ ሃሎ እንደገና በባዶ እጇ ገብታ አወጣችው።

«ለእነሱ የሄደው ዘበኛ አልተመለሰም» አለቻት ሐኪሟ በስልክ፣ የሆነ ነገር እያኘከች። «የመጣው እንግዳ ነው። ሀ ብለው ይጀምሩ።»

ሀ ብላ ጀመረች። ሣጥኑን ከበረቱ አጠገብ፣ ሽቦ ለሽቦ እንዳይነካከሱ ራቅ አድርጋ አስቀመጠች። ሰጋቱራ መቀያየሩ፣ ሳሎኑ፣ ብርድ ልብሱ፣ ጓንቱ።

በዚህ መሀል በሩ ተንኳኳ።

«ሃሎ!»

«እታለም…»

ከፈተች። ፕሮጀክት አንዲት ሻንጣ ይዞ ቆሟል፤ ፊቱ ከስቷል። አልሳቀም። ይህ ነው ትንሽ ያስደነገጣት።

«አባረረችህ?»

«ግሮሰሪውን ላስፋፋላት ብዬ… መደርደሪያው ወደቀ። ጠርሙስ በጠርሙስ ሆነ።» ጫማውን አየ። «ጥቂት ቀን ብቻ።»

እትዬ ሃሎ በሩን እንደያዘች፣ ፊቱ ላይ ልዝጋበት ይሆን ብላ አሰበች። መዝጋቱ ደስ ይላታል፤ ግን ከዘጋች በኋላ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ለሠፈሩ ሲያወራ ይውላል። ደግሞ ወገቧ።

«ዕቃ ቤቱ ውስጥ ታድራለህ» አለችው። «ሳሎኑ ተይዟል። ማለዳ በረቱን ትጠርጋለህ፣ ውሃ ትቀይራለህ። መቀርቀሪያውን በግልብጥ ከዘጋህ ሻንጣህን ከግንቡ በላይ እወረውረዋለሁ።»

«እሺ፣ እታለም።»

«ዘበኛውን ስናገናኝ ደግሞ ጓንቱን አጥልቀህ የምትገባው አንተ ነህ። ከተነከስክም አንተ ነህ።»

ተነከሰ። ማትሮኗ መጀመሪያ በገባ ቀን ሱሪው ላይ ሽንቷን ረጨችበት፤ ዳይሬክተሩ አውራ ጣቱን ነከሰው። ሠፈሩ «እትዬ ሃሎ ለወንድሟ አንጀቷ ራራ» ብሎ አወራ። ይህን የሰማች ቀን ባለሱቁን «እኔ አልራራሁም፤ ለጥንቸል ጠራጊ ያስፈልገኝ ነበር፣ ከዚህ የተሻለ ሰው ስላጣሁ ነው» አለችው። ፕሮጀክት ግን አልሄደም። ጥቂት ቀን ያለው ወራት ሆነ። አልፎ አልፎ መጥረጊያውን ተደግፎ በረቱን በዓይኑ ይለካና «እታለም፣ ይሄ ቦታ እኮ ቢሰፋ ትልቅ…» ይላል። «ዝም በል» ትለዋለች። መጥረጉን ይቀጥላል።

ዘበኛው ከብዙ ድካም በኋላ ተመልሶ ገባ፤ እንደ ድሮው ግን አልሆነም። ተላላኪዋ እስካሁን አትጠጋውም። ሌሎቹ ሲበሉ ቆይቶ ከኋላ ይበላል፤ ሲተኙ ከክምሩ ፈንጠር ብሎ ይተኛል። ጆሮዋ የተሰነጠቀው ካሸሯ ብቻ፣ በራሷ ምክንያት፣ አንዳንድ ቀን ሄዳ አጠገቡ ትቀመጣለች። እትዬ ሃሎ ይህን ከወንበሯ ላይ ሆና ታየዋለች፤ «ሐሜተኛዋ! ምን ልትነግረው ይሆን?» ትላለች።

አንድ ማለዳ ዘበኛው አንገቱ ላይ የቆየው ቁስል መግል ይዞ ተገኘ። ፕሮጀክት በረቱ ውስጥ ተንበርክኮ፣ ዘበኛውን ደረቱ ላይ አቅፎ ያዘ፤ እትዬ ሃሎ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አድርጋ ቅባቱን በጣቷ ትቀባለች። ዳይሬክተሩና ማትሮኗ ጀርባቸውን ሰጥተዋቸው ድርቆሽ ያኝካሉ። ፕሮጀክት ለጥቂት ጊዜ የእህቱን ሽበት ሲያይ ቆየ።

«እታለም።»

«ምን?»

«እኔን… ትንቂኛለሽ አይደል?»

«አዎ።»

«በጣም?»

«አጥብቀህ ያዘው፤ ሊያመልጥህ ነው።»